ትሉሽ ወይስ ካባላ?

በዛሬው ዝግጅታችን ሥራ የጀመራችሁም ሆነ በመፈለግ ላይ ያላችሁ ሁሉ ልታውቁት የሚገባ ጉዳይ እናብራራለን።

በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ መንገድ ዙሪያ፣ በነቢያት መንገድና በያፎ መንገድ ብዙ ትንንሽ ሱቆችና ምግብ ቤቶች አሉ። አንዳንድ ባለ ሱቅ «ሥራ አለ፤ ግን የምትሠራው እንደ አጽማኢ ነው» ይላል። ይህ ምን ማለት ነው?

ሠራተኛ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ሳኪር፣ ማለት ተቀጣሪ ነው። ሥራ ሲጀምር ጦፌስ 101 ይሞላል፤ አዲስ መጪ የግብር ቅናሹን የሚያስመዘግበው በዚሁ ነው። አሠሪው በየወሩ ትሉሽ ይሰጠዋል፣ ግብሩንና ቢቱዋሕ ለኡሚውን ቆርጦ ያስገባል፣ ዓመቱ ሲያልቅም ጦፌስ 106 ይሰጠዋል።

ሁለተኛው አጽማኢ ነው። እርሱ ራሱ በማዓም፣ በማስ ሃክናሳና በቢቱዋሕ ለኡሚ ይመዘገባል፤ ገንዘብ በተቀበለ ቁጥር ካባላ ይሰጣል። ገቢው ትንሽ የሆነ ኦሴክ ፓጡር ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ የ2025 ጣሪያው በዓመት 120,000 ሸቀል ነበር።

ብዙ ድርጅቶች ለአጽማኢ ሲከፍሉ ግብር አስቀድመው እንዲቆርጡ ሕግ ያዛል። ከማስ ሃክናሳ የቅናሽ ወረቀት ያላመጣ ሰው ከመቶው 30 ሊቆረጥበት ይችላል። ይህ ገንዘብ አልጠፋም፤ በዓመቱ ሒሳብ ይታሰብለታል። ማስረጃው ግን ጦፌስ 857 ነው። ከፋዩ ይህን ለሠራተኛው ይሰጣል፤ ያንኑ ቁጥር በጦፌስ 856 ለግብር ባለ ሥልጣን ያስታውቃል። 857ን ያልያዘ ሰው አንድ ግብር ሁለት ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል።

ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም። አጽማኢ ሥራ ሲያጣ አቭታላ፣ ሲሰናበትም ፒጹዪም አያገኝም። በቢቱዋሕ ለኡሚ ሳይመዘገብ ከመሰላል ቢወድቅ የሥራ ጉዳት ክፍያ ሊከለከል ይችላል። በአገራችን ደቦ ወረቀት አይጠይቅም ነበር፤ እዚህ ግን ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ይሁን እንጂ አሠሪው «አጽማኢ ነህ» ስላለ ብቻ አጽማኢ አትሆኑም። የሥራ ፍርድ ቤት የሚመለከተው ስሙን ሳይሆን አሠራሩን ነው። ሰዓቱን የሚወስነው እርሱ፣ ዕቃው የእርሱ፣ አዛዡም እርሱ ከሆነ፣ ተቀጣሪ ናችሁ ሊል ይችላል።

ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት «ትሉሽ ነው ወይስ ካባላ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያልገባችሁን የዕብራይስጥ ወረቀት አትፈርሙ። የሠራችሁበትን ቀንና ሰዓት በደብተር ጻፉ። ቤት የምታጸዱ እናቶችና እኅቶች፣ ሥራው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ቢሆንም የቤቱ ባለቤት ለቢቱዋሕ ለኡሚ ማስታወቅና መክፈል እንዳለበት እወቁ። ከእናንተም መካከል ሱቅ ከፍታችሁ ዘመድ የምታሠሩ፣ ይኸው ግዴታ በእናንተም ላይ አለ።