የወር አበባ የሚቆምበት ዕድሜና የአዋሽ ሸለቆ እናቶች

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ባለው የአፋር ምድር እናቶችን የምትመዘግቡ የፕሮጀክት ሠራተኞች እንደምታውቁት፣ «ዕድሜዎ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ቁርጥ ያለ መልስ አያገኝም። የልደት ምዝገባ ባልነበረበት ጊዜ የተወለደች እናት ዕድሜዋን የምትናገረው በድርቅ ዘመን ነው። «የወር አበባዬ ቆሟል» ስትል ደግሞ መዝጋቢው አርጣለች ብሎ ለመጻፍ ይቸኩላል። የቆመ ሁሉ ግን ማረጥ አይደለም።

ሴት ልጅ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርሱ የእንቁላል ዘሮችን ይዛ ትወለዳለች። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የሚቀሩት ከ300,000 እስከ 400,000 ያህል ናቸው። ከቁጥሩ ይቀነሳል እንጂ አይጨመርበትም። ወደ 1,000 ገደማ ሲወርድ የወር አበባ ይቆማል። ሐኪሞች ሴት አርጣለች የሚሉት ሳታረግዝ፣ ሳታጠባና ሌላ ምክንያት ሳይኖር 12 ወር ሙሉ የወር አበባ ሳታይ ስትቀር ነው። ይህም በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይሆናል፤ በአውሮፓና በአሜሪካ አማካዩ 51 አካባቢ ነው። ከ40 ዓመት በፊት ከቆመ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ታዲያ አንዷ በ45፣ ሌላዋ በ54 ዓመቷ የምታርጠው ስለ ምንድን ነው? ከሁሉ የሚበልጠው ዘር ነው፤ እናቷ ቀደም ብላ ያረጠች ሴት ራሷም ቀደም ማለቷ የተለመደ ነው። ሲጋራ ማጨስ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያስቀድማል። ወልዳ የማታውቅ ሴት ብዙ ከወለደችው ቀደም ትላለች። የሴት ልጅ ግርዛት በአፋር እናቶች ላይ ብዙ ሥቃይ ቢያስከትልም የእንቁላል ማፍሪያውን ስለማይነካ የማረጫውን ዕድሜ አይለውጥም።

ለዚህ አገር ይበልጥ የሚያሳስበው ረሀብ ነው። ሰውነቷ በጣም የከሳ ሴት ቀደም ብላ ታርጣለች። በልጅነት የደረሰ ረሀብም ከአርባ ዓመት በኋላ ምልክቱን ያሳያል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1944 እስከ 1945 በሆላንድ ጦርነት ያመጣው ረሀብ ነበረ። በዚያን ጊዜ ሕፃናት የነበሩ ሴቶች ኋላ ሲመረመሩ ክፉኛ የተራቡት ካልተራቡት ቀድመው ያረጡ ሆነው ተገኝተዋል። በአፋርም በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ከብቱን ፈጀ፤ በአዋሽ ዳር የነበረው የበጋ ግጦሽ እንደ ተንዳሆ ላሉ የጥጥ እርሻዎች ተወስዶ ስለነበር አርብቶ አደሩ መሸሻ አጣ። በ1977 ዓ.ም. ረሀቡ ተመለሰ። በዚያ ጊዜ ወተት ያጡ ትንንሽ ልጃገረዶች ዛሬ በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ይገኛሉ፤ ማለትም የማረጫቸው ጊዜ አሁን ነው። ስለዚህ አንዲት እናት በ43 ዓመቷ ብታርጥ የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ በእርግማን ማሳበብም አያስፈልግም።

ነገር ግን ረሀብ ሌላም ነገር ያደርጋል። ከብቶቹ ሲያልቁና ወተት ሲጠፋ የ30 ዓመት ሴት ሰውነት እንኳ የወር አበባን ያቆማል፤ የእንቁላሉ ዘር ግን አላለቀም። እህልና ወተት ሲገኝ ይመለሳል። እንቁላሉ ከወር አበባው ቀድሞ ስለሚወጣ አርጫለሁ ብላ የተቀመጠች እናት ደም ሳታይ ልታረግዝ ትችላለች። የደም ማነስ ላለባትና ብዙ ጊዜ ለወለደች ሴት ይህ እርግዝና ሕይወትን የሚያሰጋ ነው። በማጥባት ላይ ያለች እናትም እንዲሁ ልትሳሳት ትችላለች። ስለዚህ «ቆሟል» የምትል ሴት ስትመጣ የመጨረሻ ልጇን መቼ እንደወለደች፣ ታጠባ እንደሆነ፣ ባለፈው ዓመት ምን ያህል እንደከሳች ጠይቁ። ጠያቂዋ ሴት ብትሆን ይመረጣል፤ ለወንድ የማይነገር ብዙ ነገር አለና።

በእርግጥ ካረጠች፣ ይኸውም 12 ወር ካለፋት በኋላ፣ ጥቂትም ቢሆን ደም ከታያት «ልጅነቷ ተመለሰ» ተብሎ መሳቅ አይገባም። የማኅፀን ወይም የማኅፀን በር ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገይ ወደ ሆስፒታል መላክ አለባት፤ ለሰመራ አካባቢ ቅርቡ ዱብቲ ነው።