የአያት የስኳር ኪኒን ለልጅ ጡንቻ ይሆናል?

ሜትፎርሚን በነቀምቴም፣ በጊምቢም፣ በሻምቡም ፋርማሲዎች የምትታወቅ ኪኒን ናት። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን እ.ኤ.አ. በ1957 ለስኳር በሽታ መዋሏን ካሳወቀ ወዲህ ዓለም በሰፊው ይጠቀምባታል። አሁን ደግሞ ተመራማሪዎች ጡንቻ ለሚያሰልሉ በሽታዎች ትረዳ እንደሆነ እየፈተኗት ነው።

በልጆች ላይ በብዛት ከሚታዩት ከእነዚህ በሽታዎች አንዱ ዱሼን ይባላል። የሚያጠቃው በአብዛኛው ወንዶችን ነው። ልጁ ቶሎ ቶሎ ይወድቃል፣ ደረጃ መውጣት ይከብደዋል፣ ከወለል ሲነሣ እጁን ጭኑ ላይ እየተመረኮዘ ነው፤ ባቱ ግን ወፍራም ይመስላል። መንስኤው ጡንቻን የሚያጠነክረው ዲስትሮፊን የተባለ ፕሮቲን በዘረ-መል ጉድለት መጥፋቱ ነው። እርግማን አይደለም፤ እናትም አትወቀስበትም። ከሦስት ልጆች በአንዱ ገደማ ጉድለቱ ከእናት ሳይወረስ እንደ አዲስ የሚፈጠር ነው።

ሜትፎርሚን የሴልን የኃይል አጠቃቀም የሚቆጣጠር ኢንዛይም ታነቃቃለች። በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት የዲስትሮፊንን ቦታ በከፊል ሊተካ የሚችል ፕሮቲን ጨምራለች። ሰው ላይ ግን ውጤቱ ገና አልጠራም። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ የፈረንሳይ ጥናት፣ ማዮቶኒክ የተባለ ሌላ ዓይነት የጡንቻ በሽታ ካለባቸው 40 አዋቂዎች መካከል መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው የወሰዱት በ6 ደቂቃ ውስጥ በአማካይ 33 ሜትር ያህል ጨምረው ተራምደዋል። ጥናቱን የጨረሱት ግን 23 ሰዎች ብቻ ነበሩ። በስዊዘርላንድ ዱሼን ያለባቸው 47 ልጆች በተሳተፉበት ጥናት ሜትፎርሚን ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ለ26 ሳምንታት ተፈትና፣ በ2019 የታተመው ውጤት በአጠቃላይ አስተማማኝ ልዩነት አላሳየም።

እንደ ገበያ ባለሙያ አንድ ነገር ይታየኛል። ርካሽና የባለቤትነት መብቱ ያለፈ መድኃኒት ብዙ ገንዘብ አፍስሶ የሚያስጠናው ኩባንያ አያገኝም። ወሬ ግን ያለ ክፍያ ያስተዋውቀዋል። «ለስኳር የምትወሰደዋ ለጡንቻም ትሆናለች» የሚል ቃል ከቡና ላይ ተነሥቶ ሳይውል ሳያድር የጭንቅ ቤት ይደርሳል።

ስለዚህ የአያትን ኪኒን ለልጅ አይስጡ። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አደገኛ ናት፤ ሆድ ታውካለች፤ አያትም ያለ መድኃኒት ይቀራሉ።

ምልክቶቹን ካዩ ልጁን በነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም በወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩ። ሲኬ የሚባለው የደም ምርመራ ቀዳሚውን ፍንጭ ይሰጣል። ሐኪም የሚያዘው ፕሬድኒሶሎንና የጅማት ማፍታቻ እንቅስቃሴ ልጁ በእግሩ የሚሄድበትን ጊዜ ያራዝማሉ፤ የልብና የሳንባ ክትትልም ያስፈልገዋል። እነዚህ በሽታውን አይፈውሱም፤ ነገር ግን ዛሬ በእጅ ያሉ ናቸው። የምርምሩን ውጤት እየጠበቅን ልጁን ከእነዚህ አናስቀረው።