የሳል ሽሮፕና የሁለት ሳምንት ወሰን

ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ወደ ምዕራብ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ገንደ ውሃንና ኮኪትን ካለፈ በኋላ በሱዳን ወሰን ላይ መተማ ዮሐንስን ያገኛል። ከተማዋ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት በመሆኗ ስሟ በታሪክ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ለመናገር የምንወደው ስለ ጦር ሜዳዋ ሳይሆን፣ በዚያ ቆላ የሚሠራ ሰው ሁሉ በሚገባ ሊያውቀው ስለሚያስፈልግ አንድ ትንሽ ብልቃጥ፣ ይኸውም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስለሚሸጠው የሳል ሽሮፕ ነው።

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋው አገር ብዙ የጉልበት ሠራተኛ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ምዕራብ አርማጭሆ ይወርዳል። ቀን በፀሐይና በአቧራ ውስጥ ሲሠራ ይውላል፤ ሌሊትም ብዙ ሆኖ በአንድ ዳስ ተጠጋግቶ ያድራል። ሳል የያዘው እንደ ሆነ የሥራ ቀኑ እንዳይቃጠልበት በመስጋት ጤና ጣቢያ መሄዱን ይተውና አንድ ብልቃጥ ሽሮፕ ይገዛል። ያ ሲያልቅ ሌላ ይደግማል።

እንግዲህ ይህ ሽሮፕ ምን ይሠራል? አክታን ለማቅጠን የሚሸጠው ሽሮፕ ብዙውን ጊዜ ጓይፌኔሲን የሚባል መድኃኒት አለበት። ሥራውም በደረት ውስጥ የወፈረው አክታ ቀጥኖ በቀላሉ እንዲወጣ መርዳት ነው። ሳሉን ያመጣውን በሽታ ግን አያድንም። ደግሞም ዴክስትሮሜቶርፋንን የመሰሉ፣ ሳልን የሚያፍኑ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። አንዱ አክታውን ሲያላቅቅ ሌላው መውጫውን ሳል ስለሚከለክል፣ ሁለቱን ባለሙያ ሳይጠይቁ አንድ ላይ መውሰድ አይገባም።

ለአዋቂ ሰው የጓይፌኔሲን ልክ በየአራት ሰዓቱ ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም ሲሆን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ2400 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። ልኩም ከብልቃጡ ጋር በተሰጠው መስፈሪያ እንጂ በወጥ ማንኪያ ወይም ከብልቃጡ በመጎንጨት አይታወቅም። አንዳንዱ ሽሮፕ እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር ስለ ተቀላቀለበት ከአረቄ ጋር አይወሰድም፤ ትራክተር የሚነዳ ሰውም ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ዕድሜው ከስድስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ሐኪም ሳያዝ መስጠት አይገባም። ማር ሳልን ያለዝባል፤ ነገር ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በዚያ ቆላ ደግሞ ላብ የሰውነትን ውሃ ስለሚጨርስ አክታ ይወፍራል። ስለዚህ ንጹሕ ውሃ አብዝቶ መጠጣት ከሽሮፑ ያላነሰ ይጠቅማል።

መድኃኒቱ የሚገዛበትም ቦታ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. በጋምቢያ ወደ 70 የሚደርሱ ሕፃናት በኩላሊት ጉዳት የሞቱት ዳይኢቲሊን ግላይኮል የሚባል መርዝ ከተገኘባቸው ሽሮፖች ጋር በተያያዘ ነበር። መርዙ በዓይን አይለይም፤ በምላስም አይታወቅም። ስለዚህ በወሰን ከተማ የሚኖር ሰው ከየት እንደ መጣ ያልታወቀውን፣ ጽሑፉን ማንበብ የማይችለውን፣ ክዳኑ የተነካውን ወይም በገበያ ፀሐይ ላይ የዋለውን ብልቃጥ ትቶ፣ ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ቢገዛና የሚያበቃበትን ቀን ቢመለከት ራሱንና ልጆቹን ይጠብቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ይህ ነው። አገር ወሰን እንዳለው ሁሉ ሳልም ወሰን አለው፤ ወሰኑም ሁለት ሳምንት ነው። ሁለት ሳምንት የሞላው ሳል የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል አክታው መመርመር አለበት። ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ብርቱ ትኩሳት ከታየ ሁለት ሳምንትም አይጠበቅም። ሌሊት ማላብና መክሳትም ለሐኪም የሚነገሩ ምልክቶች ናቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደ ተባለው፣ ሳሉን በሽሮፕ እየሸነገለ የከረመ ሠራተኛ በሽታውን የሚደብቀው ከራሱ ነው። በዳሱ አብረውት ለሚያድሩት ያካፍላቸዋል፤ ሥራው ሲያበቃም ከደመወዙ ጋር ይዞት ወደ ሚስቱና ወደ ልጆቹ ይመለሳል።

የሳንባ ነቀርሳ ግን የሚድን በሽታ ነው። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜም ለስድስት ወር ሳይቋረጥ ይወሰዳል። የእርሻ ባለቤቶችም ሁለት ሳምንት ሲያስል የቆየውን ሠራተኛ ለምርመራ አንድ ቀን ቢፈቅዱለት፣ የሚያጡት የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን የሚያተርፉት ግን የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ብልቃጥ ለመግዛት እጁን ወደ ኪሱ የሚሰድ ሰው ሁሉ፣ ሳሉ ከጀመረው ስንት ቀን እንደ ሆነው አስቀድሞ ይቁጠር።