ሰባት ዓመት በአንዲት ባትሪ

የጃፓኑ ካሲዮ ኩባንያ ኤፍ-91ደብሊው የተባለችውን ጥቁር የእጅ ሰዓት ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ንድፏን ያወጣው ርዩሱኬ ሞሪያይ ሲሆን ለኩባንያው የነደፋት የመጀመሪያ ሥራው ነበረች። መልኳን ብዙም ሳትለውጥ እስከ ዛሬ ትመረታለች። ዋጋዋ ኪስ አይጎዳም፤ ይሁንና ብዙ ውድ ዕቃ የማይደርስበትን ዕድሜ ትቆያለች። ምስጢሩ ውስጧ የሚሽከረከር ነገር አለመኖሩ ነው።

በሞላና በጥርስ የሚሠራ ሰዓት እርስ በርሱ ይፋተጋል፤ ዘይቱ ይደርቃል፣ አቧራ ይይዘዋል። በዲጂታል ሰዓት ውስጥ ጊዜን የምትቆጥረው ግን ደቃቅ የኳርትዝ ክሪስታል ናት። ኳርትዝ ሲጨመቅ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ ወንድማማቾቹ ዣክና ፒየር ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1880 አሳይተዋል። ግልባጩም ይሠራል፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ኳርትዝ ይርገበገባል። የሰዓቷ ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ እንድትርገበገብ ተደርጋ ተቆርጣለች። ይህ ቁጥር በዘፈቀደ አልተመረጠም። ለሁለት ሲካፈል 16,384፣ ደግሞ ሲካፈል 8,192 ይሆናል፤ እንዲህ 15 ጊዜ ሲከፈል ልክ 1 ላይ ያርፋል። ቺፑ ይህን ማካፈል ብቻ እየሠራ በየሰከንዱ አንድ ምት ያገኛል።

ክሪስታሏ ሙቀትም ቅዝቃዜም ሲበዛባት በጥቂቱ ትዘገያለች። ኩባንያው በወር እስከ 30 ሰከንድ መዛነፍ ሊኖር እንደሚችል ይገልጻል፤ በቀን ሲታሰብ አንድ ሰከንድ ገደማ ነው።

ባትሪዋ 7 ዓመት ያህል የምትቆየው በሰሌዳው ቁጠባ ነው። ሰሌዳው የራሱ ብርሃን የለውም፤ ከውጭ የሚመጣውን ብርሃን ያሳልፋል ወይም ያግዳል። እያንዳንዱ አኃዝ ከ7 ጭረቶች የተሠራ ነው። ጭረቱ ላይ ኤሌክትሪክ ሲደርስ ከሥሩ ያለው ፈሳሽ ክሪስታል አሰላለፉን ይለውጣል፣ ብርሃኑ ይታገዳል፣ ጭረቱም ጠቁሮ ይታያል። ለዚህ የሚፈጀው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው። ባትሪ የሚበሉት መብራቱና ደወሉ ናቸው።

ስትወድቅ የማትጎዳውም በቀላልነቷ ነው። 21 ግራም ብቻ ስለምትመዝን መሬት ስትነካ የሚያርፍባት ኃይል አነስተኛ ነው፤ የፕላስቲክ አካሏም ግጭቱን ያበርዳል።

በአገራችን አቆጣጠር ለሚሞላት ሰው አንድ ነገር ልጠቁም። ቀኗን የምትቀይረው የራሷ እኩለ ሌሊት ሲደርስ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያለ «ፒኤም» ምልክት ከተሞላች ቀኑ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይቀየራል፤ ምልክቱ እየታየ ከተሞላች ግን ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይቀየራል። ዕለትን ከዋዜማው ምሽት ለሚጀምር ሰው ሁለተኛው ይስማማዋል። ጳጉሜን ግን አታውቅም፤ ፌብሩዋሪንም ሁልጊዜ 28 ቀን አድርጋ ስለምትቆጥር በየአራት ዓመቱ በእጅ መታረም አለባት።

ዝናብና የእጅ መታጠቢያ ውኃ ትችላለች፤ ውኃ ውስጥ እያለች ግን ቁልፎቿን አይጫኑ። ባትሪ ሲቀየር ሰዓት ሠሪው አራቱን ብሎኖች ፈትቶ ክዳኑን ሲያነሳ ቀጭን የጎማ ቀለበት ይታያል። ውኃና አቧራ እንዳይገባ የሚከላከለው እሱ ነው። ክዳኑ ከመገጠሙ በፊት ቀለበቱ በቦታው መቀመጡን ቆመው ይመልከቱ፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከተጣመመ እንዲቀየር ይጠይቁ።