ከአዋሽ እስከ ሰመራ፦ ለአሮጌ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚስማማው ዘይት

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚያመራው አውራ ጎዳና ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ባለው ክፍሉ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎጊያ እያለፈ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ 1000 ሜትር ገደማ ከሆነ ከፍታ ከ500 ሜትር በታች ወደሆነ ቆላ ይወርዳል፤ በሞቃቱ ወራትም የጥላ ሥር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በዚህ መስመር የሚመላለሱት ከባድ የጭነት መኪናዎች አብዛኞቹ ማርሻቸው በእጅ የሚገባ በመሆኑ የሚሞላላቸው ወፍራም የማርሽ ዘይት ነው። በመካከላቸው የሚጓዙትና አውቶማቲክ ካምቢዮ የተገጠመላቸው አሮጌ ላንድክሩዘሮች፣ ኮሮላዎችና ቪትዞች ግን ባሕርይው ፍጹም የተለየ ዘይት ይፈልጋሉ።

ጉዳዩ ዛሬ ከበፊቱ ይበልጥ ትኩረት የሚሻው አሮጌውን መኪና በሌላ መተካት እየከበደ ስለመጣ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ማስገባት እጅግ ውድ አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከልክሏል። ስለዚህ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ካምቢዮ ገና ብዙ ዓመት እንዲሠራ ይጠበቅበታል፤ ዕድሜውን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ደግሞ ውስጡ ያለው ዘይት ነው።

በምሕጻረ ቃል ኤቲኤፍ የሚባለው ይህ ዘይት ሥራው ማለስለስ ብቻ አይደለም። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል በዘይት የተሞላ ክፍል አለ፤ በውስጡ ፊት ለፊት ከተቀመጡት ሁለት ባለክንፍ መንኮራኩሮች አንዱን ሞተሩ ሲያዞረው ዘይቱ ተወርውሮ ሌላውን ስለሚያዞር፣ የሞተሩ ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚተላለፈው በፈሳሽ አማካይነት ነው። ሞተሩ የሚያንቀሳቅሰው ፖምፓ ያንኑ ዘይት በግፊት ወደ ጠባብ መተላለፊያዎችና ቫልቮች ይልከዋል፤ ግፊቱም የፍሪሲዮን ዲስኮችን እርስ በርስ አጣብቆ ማርሽ እንዲገባ ያደርጋል። ከዚህ ሁሉ የሚፈጠረውን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ማቀዝቀዣው የሚወስደውም ይኸው ዘይት ነው።

ከእነዚህ ተግባራት በጣም ረቂቁ የሰበቃ ጉዳይ ነው። ወረቀት መሰል ሸራ የተለጠፈባቸው ዲስኮች በዘይት ተነክረው ሲጣበቁ መጀመሪያ ጥቂት ይንሸራተታሉ፣ ቀጥሎም ይቆማሉ። በመንሸራተቱ ጊዜ ያለው ሰበቃና በመቆሙ ቅጽበት ያለው ሰበቃ የሚመጣጠኑበትን ልክ የሚወስነው ዘይቱ ውስጥ የሚጨመር ኬሚካል ነው። የመጨረሻው ሰበቃ ከበረታ ማርሹ ሲገባ መኪናው ይመታል፤ ከላላ ደግሞ ዲስኮቹ ከሚገባው በላይ እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። መሐንዲሶች የሸራውን ዓይነት፣ የዲስኮቹን ብዛትና የግፊቱን መጠን የሚወስኑት አንድን ዘይት ታሳቢ አድርገው በመሆኑ፣ ለካምቢዮ ዘይት ሲመረጥ ከውፍረትም ከዋጋም በፊት መጠየቅ ያለበት ዘይቱ ያንን የሰበቃ ባሕርይ የያዘ መሆኑ ነው።

የዚህ ኬሚካል ታሪክ ብዙ አሽከርካሪ ከሚገምተው ይርቃል። ጄኔራል ሞተርስ ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የተለየ የዘይት መስፈርት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ሲሆን፣ ሰበቃን ለማስተካከል ከሚጨመሩት ነገሮች አንዱ ስፐርም ዌል ከተባለው ግዙፍ ዓሣ ነባሪ የሚገኝ ዘይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ኩባንያው ለዚህ መስፈርቱ የሰጠው ዴክስሮን የሚለው ስም መጣ። እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ እነዚህን ዓሣ ነባሪዎች ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት መዝገብ በማስገባቷ ዘይታቸውን መጠቀም ሲቀር፣ ኬሚስቶች ተተኪ ለማግኘት ተገደዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተከታተሉት፣ ዴክስሮን ሁለት የሚባሉት ዓይነቶች የዚህ ፍለጋ ውጤቶች ናቸው። ዴክስሮን ሦስት እ.ኤ.አ. በ1993፣ ዴክስሮን ስድስት ደግሞ በ2005 ተከተሉ።

እዚህ ላይ ለገዢው እጅግ ጠቃሚ የሆነ ነገር አለ። ጄኔራል ሞተርስ ለዴክስሮን ሦስት ይሰጥ የነበረውን ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ አቋርጧል። ስለዚህ ዛሬ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለ ጠርሙስ ዴክስሮን ሦስት የሚል ጽሑፍ ቢኖረውም፣ የመስፈርቱ ባለቤት መርምሮ ያጸደቀው አይደለም፤ የይዘቱ ብቸኛ ዋስትና የአምራቹ ስምና ታማኝነት ነው። ጥሩ አምራቾች ዛሬም በዚያው መስፈርት ልክ በጥንቃቄ ይሠሩታል፤ ነገር ግን አምራቹ የማይታወቅና ዋጋው አጠራጣሪ ሆኖ የረከሰ ቀይ ፈሳሽ ስሙን ስለያዘ ብቻ ሊታመን አይገባም። ቀለሙም ቢሆን ሌላ ዘይት እንዳይመስል ሆን ተብሎ የሚጨመር በመሆኑ ስለ ጥራቱ የሚናገረው ነገር የለም።

የጃፓን መኪናዎች ከዚህ ጋር ተያይዞ የራሳቸው መንገድ አላቸው። የ1990ዎቹ ላንድክሩዘር 80 እና የዚያው ዘመን አውቶማቲክ ኮሮላዎች በዴክስሮን ሁለት ወይም ሦስት እንዲሠሩ የታሰቡ ናቸው። ከዚያ በኋላ ቶዮታ ታይፕ ቲ-አራት የተባለውን፣ ቀጥሎም ደብሊው ኤስ የተባለውን የራሱን ዘይት አምጥቷል። ኒሳን ማቲክ፣ ሚትሱቢሺ ኤስፒ፣ ሆንዳ ደግሞ ዜድ-አንድ የሚሉ ስያሜዎችን ተጠቅመዋል። ደብሊው ኤስ አዲስ መሆኑ ለቲ-አራት ካምቢዮ የተሻለ አያደርገውም፤ ቶዮታም አንዱን በሌላው ቦታ እንዲተካ አላወጣውም። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች የሚፈለገው የዘይት ዓይነት በካምቢዮው የዘይት መለኪያ ዘንግ ላይ ተቀርጿል፤ ዘንጉን መዞ በጨርቅ ጠርጎ ማንበብ የማንንም ግምት ከመከተል ይሻላል። ጽሑፉ ከጠፋ የአምራቹን መመሪያ መጽሐፍ ወይም በሞተር ክፍሉ ያለውን የካምቢዮ ሞዴል መለያ ማየት ይገባል።

ሙቀት በበረታበት አገር ወፍራም ዘይት ይሻላል የሚለው እምነት ምክንያታዊ ቢመስልም ለአውቶማቲክ ካምቢዮ ጎጂ ነው። የፈሳሽ ውፍረት የሚለካው ሴንቲስቶክ በሚባል አሃድ ሲሆን፣ ዴክስሮን ሦስት በ100 ዲግሪ ሙቀት 7 ገደማ ሲሆን ዴክስሮን ስድስት ከ6.4 አይበልጥም፤ ለእጅ ማርሽ የሚውለው ቁጥር 90 ዘይት ግን በዚያው ሙቀት ቢያንስ 13.5 ነው። እንዲህ ያለ ዘይት በቫልቮቹ ጠባብ ቀዳዳዎች በጊዜው ስለማያልፍ ማርሹ ይዘገያል፣ ፖምፓው ይጨነቃል፣ የሰበቃው ልክም ይዛባል።

ደግሞም የአየሩ ሙቀት ብቻውን ዘይቱን አያቃጥለውም። ካምቢዮው የሚፈልገው የዘይት ሙቀት ራሱ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ገደማ ነው። ዘይቱን ከዚህ በላይ የሚያደርሰው ቶርክ ኮንቨርተሩ ብዙ የሚንሸራተትበት ሥራ ነው፦ ከአስፋልቱ ወጥቶ አሸዋ ውስጥ መጋጋጥ፣ ተሳቢ ይዞ ዳገት መውጣት፣ በዝግታ መንፏቀቅ። በዚህ ጊዜ የተፈጠረው ሙቀት የሚወጣው ራዲያተሩ ውስጥ በተቀመጠ ትንሽ ማቀዝቀዣ በኩል ስለሆነ፣ በአቧራና በነፍሳት የተደፈነ ራዲያተር ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ካምቢዮውንም ያሞቃል። በኬሚስቶች ዘንድ እንደሚታወቀው ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ዘይቱ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የሚበላሽበት ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በአፋር ቆላ ለሚሠራ መኪና መፍትሔው ትክክለኛውን ዘይት ሳይቀይሩ የመለወጫ ጊዜውን ማሳጠር፣ ራዲያተሩን ማጽዳትና ብዙ ለሚጭን መኪና ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ማስገጠም ነው።

እንደ ቶዮታ ባሉ ብዙ መኪናዎች የዘይቱ መጠን የሚታየው መኪናው ተነድቶ ከሞቀ በኋላ፣ በሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ ነው። የማርሹ እጀታ በየቦታው ሁሉ አልፎ ወደ ፒ ከተመለሰ በኋላ ዘንጉ ይመዘዛል፣ ይጠረጋል፣ እንደገና ገብቶ ይነበባል፤ ንባቡም ለሞቀ ዘይት በተመደበው ምልክት መካከል መሆን አለበት። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይት በሚሽከረከሩት ክፍሎች ተመትቶ አረፋ ስለሚሆንና አረፋም ግፊት ስለማይይዝ፣ ትርፍ መጨመር ከማጉደል እኩል ጉዳት አለው። ከዘንጉ ጫፍ አንድ ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ ሲደረግ ጥርት ያለ ቀይ ሆኖ ቢሰፋ ዘይቱ ጤናማ ነው፤ ጠቁሮ ከተገኘና የመቃጠል ሽታ ካለው የዲስኮቹ ሸራ መበላት ጀምሯል ማለት ነው።

ለብዙ ዓመት ዘይቱ ያልተለወጠ ካምቢዮ ሲገኝ በግፊት አጥቦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ አይመከርም፤ የረጋው ዝቃጭ ተነሥቶ ቫልቮቹን ሊደፍን ይችላል። ከሥር ያለው ቡሎን ተፈትቶ የሚወርደው ከጠቅላላው ከፊሉ ብቻ ነው፤ ቀሪው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። በመሆኑም ፊልትሮውን ቀይሮና በማጠራቀሚያው ሳህን ውስጥ ያሉትን ማግኔቶች አጽድቶ፣ በተመሳሳይ ዘይት ጥቂት ጊዜ እያፈሰሱ እየሞሉ ቀስ በቀስ ማደሱ ይሻላል።

ቪትዝ የያዘ ሰው ሌላም ልዩነት ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2005 በኋላ ከተሠሩት ብዙዎቹ ማርሽ በደረጃ የሚቀይር ካምቢዮ ሳይሆን ሲቪቲ የሚባል፣ በሁለት ፑሊዎች መካከል በሚዞር የብረት ቀበቶ የሚሠራ ካምቢዮ አላቸው። ቀበቶው ፑሊውን አጥብቆ የሚይዘው ብረት ከብረት ጋር በሚፈጥረው ሰበቃ ስለሆነ የራሱ የሲቪቲ ዘይት ተሠርቶለታል፤ ተራው ኤቲኤፍ ከተሞላበት ቀበቶው ይንሸራተትና በአጭር ጊዜ ይበላል።

በክረምት የአዋሽ ወንዝ ሞልቶ በታችኛው ተፋሰስ ሜዳ ላይ ሲተኛ ሌላ አደጋ ይመጣል። የሞቀ ካምቢዮ በድንገት ውኃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ስለሚኮማተር በመተንፈሻው በኩል ውኃ ይስባል፤ ከዘይቱ ጋር የተቀላቀለው ውኃም ወተት የገባበት የሚመስል ሮዝ ፈሳሽ ይሆናል። ውኃው የሸራውን ሙጫ ስለሚያላቅቅ እንዲህ ያለ መልክ የታየበት መኪና ዘይቱ ተደጋግሞ እስኪለወጥ ድረስ መነዳት የለበትም። ኃይል የሚቀበሉት ጎማዎቹ መሬት እየነኩ በገመድ መጎተቱም ሌላ ጥፋት ያስከትላል፤ ፖምፓው የሚሠራው በሞተሩ በመሆኑ ሞተሩ በጠፋበት ጊዜ በሚሽከረከሩት ክፍሎች ላይ ዘይት የሚያደርስ ነገር የለምና፣ መኪናው በሌላ መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ጋራዥ መወሰድ አለበት።