ቀልብን መሰብሰብ፦ ከዳንግላ የምክር አገልግሎት

ቀልብን የመሰብሰብ ልምምድ ትኩረትን አሁን ላለው ነገር፣ ለትንፋሽ፣ ለሰውነት፣ ለሚሰማ ድምፅ ሰጥቶ፣ የሚመጣውን ሐሳብ ሳይፈርዱበት ማስተዋል ነው። ሥሩ የቡድሃ እምነት ነው። ወደ ሕክምና የገባው እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ሥልጠና በጀመረ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ድባቴ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ለተመላለሰባቸው ሰዎች በዚህ ልምምድ ላይ የተመሠረተ ሕክምና እንዲሰጥ መከረ።

በአማራ ክልል አዊ ዞን ባለችው ዳንግላ ወደ ጤና ተቋም የሚመጣ ሰው «ጭንቀት ያዘኝ» ብሎ አይጀምርም። ራሴን ያመኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ጨጓራዬ ይቃጠላል፣ እንቅልፍ አጣሁ ይላል። ምርመራው ንጹሕ ሲሆን ጨዋታው ወደ ማዳበሪያ ዕዳ፣ ለሥራ ወደ መተማ ወርዶ ድምፁ ወደ ጠፋ ልጅ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በዘለቀው ግጭት ምክንያት ወደሚዘጋው መንገድ ይዞራል። ይህ ስጋት መሠረት አለው። «አታስቢ» ብሎ እናትን መምከር ቁስሏን መንካት ነው። ልምምዱ የሚያግዘው ዛሬ ሊደረግ የሚችለውን ሌሊቱን ሙሉ ከሚመላለሰው ሐሳብ ለመለየት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወንበር ወይም መደብ ላይ ተቀምጦ እግርን መሬት ማስነካት፣ በአፍንጫ አየር መሳብ፣ ከሳቡበት ረዘም አድርጎ ማስወጣት። ትንፋሽ ቀስ ብሎ ሲወጣ የልብ ምት ይረግባል። ሐሳብ ግን መሄዱ አይቀርም፤ ብዙዎችም «አልሆነልኝም» ብለው የሚተዉት እዚህ ላይ ነው። በሬ ከትልሙ ሲወጣ ገበሬው መልሶ ያስገባዋል እንጂ እርሻውን ጥሎ አይሄድም። ሐሳብ መሄዱን አስተውሎ መመለስ ራሱ ልምምዱ ነው፤ ባለሙያው ደጋግሞ ሊያስረዳው የሚገባውም ይህንን ነው፤ አዊኛ ለሚቀናው ሰው ደግሞ በአዊኛ።

ቦታና ሰዓት ለሌለው ሰው የቡና ሰዓት ይበቃል። ሲቆላ ሽታውን፣ ሲኒው ሲያዝ ሙቀቱን፣ ሲጠጣ ጣዕሙን መከታተል ነው፤ ስልኩ ግን ከአጠገብ ይራቅ።

«የሌላ እምነት አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። በሕክምና ውስጥ የሚሰጠው ልምምድ አምልኮ የለበትም፣ ስም አያስጠራም። ጸሎትና ስግደት ያለው ሰው ያንኑ ይቀጥል፤ ልምምዱ የጸሎት ምትክ ሆኖ መቅረብ የለበትም።

ጥንቃቄ ይሻል። ተኩስ ወይም ሞት ያየ ሰው ዓይኑን ሲጨፍን ያየው ሊመለስበት ይችላል፤ ዓይኑን ከፍቶ አንድ ነገር እያየ ይጀምር፣ ከከበደው ያቁም። ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለ ሐኪም ምክር አይጀምር፤ መድኃኒቱንም አያቋርጥ። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ደግሞ ለአንድ ሰዓትም ብቻውን አይተው፤ ቤተሰቡ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ያድርሰው።