የቆርቆሮ ባልዲ የአፈር ምርመራን ያሳስታል

ሰብል ዩሪያና ፎስፎረስ ብቻ በመጨመር እንደማይበለጽግ የታወቀ ነው። ተክል በጥቂቱ የሚሻቸው ዚንክ፣ መዳብና ቦሮን ከጎደሉ ማዳበሪያ የተጨመረበት ማሳ እንኳ የተጠበቀውን ምርት ላይሰጥ ይችላል። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ አፈር መረጃ ሥርዓት ጥናትም በብዙ ወረዳዎች የዚንክና የቦሮን እጥረት መኖሩን አመልክቷል።

ጉድለቱ ግን እንደ አፈሩ ዓይነት ይለያያል። በጥቁር መረሬ አፈር ኮምጣጣነቱ አነስተኛ በመሆኑ፣ ዚንክ በአፈሩ ውስጥ እያለ ተክሉ እንደ ልብ አያገኘውም። በኮምጣጣ ቀይ አፈር ደግሞ ለባቄላና ለአተር የሚያስፈልገው ሞሊብደነም ያጥራል። ስለዚህ ቀዩንና ጥቁሩን ቀላቅሎ ለምርመራ መላክ የማንንም ማሳ የማያሳይ ውጤት ያስከትላል። ናሙናው ከየአፈሩ ዓይነት ለየብቻ፣ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ ይወሰዳል። የፍግ ክምር የነበረበት ቦታ፣ የአጥር ሥርና ኩይሳ አጠገብ አይቆፈርም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው ዕቃው ነው። የቆርቆሮ ባልዲ የተለበጠው በዚንክ ነው። ላቦራቶሪው የሚፈልገው በአንድ ኪሎ አፈር 1 ሚሊ ግራም ገደማ የሆነን ዚንክ በመሆኑ፣ ከባልዲው የሚፋቅ ጥቂት ብናኝ የተራበውን ማሳ የጠገበ ያስመስለዋል። የዛገ አካፋም የብረትን ልኬት እንዲሁ ያዛባል። በዚህ ስሕተት ገበሬው የሚጎድለውን ትቶ የማይጎድለውን በገንዘቡ ይገዛል። ስለዚህ ንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲና ከረጢት መጠቀም፣ ናሙናውንም በጥላ ማድረቅ ያስፈልጋል።

የማኅበር መሪዎች ናሙና በሚወሰድበት ዕለት ከልማት ሠራተኛው ጎን ተገኝተው ባልዲውን ቢመለከቱ፣ የአባሎቻቸውን የዓመት ድካም ከኪሳራ ያድናሉ።